የአልጋ ሰባት ማዘዣ

ዶክተር አጥናፉ የፋርማሲ ተለማማጆቻቸውን የሚያስተምሩት በወጥመድ ነበር። ከእውነተኞቹ የመድኃኒት ማዘዣዎች መሃል መጠኑ ሰው የሚገድል አንድ የውሸት ማዘዣ ይሸጉጣሉ። ነርሶቹንም አስጠንተው፣ በስልክ «ቶሎ በሉ፣ በሽተኛው ሊሞት ነው!» ያስብላሉ። ያልነቃበት ተለማማጅ በሰው ፊት ይዋረዳል። ከተለማማጆቹ አንዷ ሦስት ጊዜ «ነፍሰ ገዳይ» ተብላለች።

ዛሬ ግን ነቃች። አልጋ ሰባት፣ የሁለት ዓመት ልጅ፣ የሚጥል በሽታ ማስታገሻ፣ ያውም ከትክክለኛው መጠን አሥር እጥፍ! ማዘዣውን ለጻፈው ሐኪም ደውላ ማጣራት እንኳ ሳያስፈልጋት መሳቢያ ውስጥ ከትታ ቆለፈችበት። ነርሷ ሁለት ጊዜ ደውላ፣ «ኧረ በእናትሽ፣ ልጁ እየተንዘፈዘፈ ነው!» ብትላት፣ «ሂጂ፣ ሌላ ሞኝ ፈልጊ!» ብላ ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት።

ዶክተር አጥናፉ ከስብሰባ ሲመለሱ ወረቀቱን እየሳቀች ዘረጋችላቸው።

«ዛሬስ ያዝኩዎት፣ ዶክተር!»

ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«እኔ ዛሬ ምንም አላስገባሁም።»

ስልኩ ጮኸ። አንስተው ጥቂት አዳመጡና መነጋገሪያውን ለእሷ ሰጧት።

«የአልጋ ሰባቱ መድኃኒት ይቅር» አለች ነርሷ።