ተራ ጠባቂዋ ዳክዬ

ሃግሴትራ በሚባል የፈረንጅ አገር ሰፈር፣ በአስካለ ማርያም ልጅ ቤት ጓሮ፣ ለወፍ ጎጆ ተብሎ ዛፉ ላይ በተሰቀለው የእንጨት ሳጥን የተነሳ ሁለት የዱር ዳክዬዎች ተናነቁ። ቀድማ የገባችው በቀዳዳው ብቅ አለችና ሌላዪቱን አንገቷን ነክሳ ሣሩ ላይ ጣለቻት።

«ቀድማ ስለገባች የአባቷ ርስት መሰላት!» አለች አስካለ ማርያም በመስኮቱ እያየች።

«ለእኔ ነው እትዬ?» አለች የምራቷ እናት ተጂቱ ከኋላዋ፣ ሕፃኑን እንደታቀፈች።

«ለዳክዬዋ ነው። ከፈለጉ ግን ይካፈሉ።»

አስካለ ማርያም ለዚህ ሕፃን ራሷ ፈትላ ያሸመነችውን ጋቢ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ መዋል ከጀመረች ሰንብታለች። አራስ ማረስ የወላጅ እናት ወግ መሆኑን አላጣችውም። ግን የልጅ ልጇን ለአፍታ ታቅፋ ጠረኑን ብትምግ ምን ነበረበት? ስጡኝ ብላ መለመን ደግሞ ለእሷ ሞቷ ነበር።

የወደቀችው ዳክዬ አልሄደችም። ላባዋን አራገፈችና ዛፉ ሥር ቁጭ አለች። ኋላ ያቺ ጉልበተኛ ራባት መሰል እዚያው አቅራቢያ ወዳለው ሐይቅ በረረች፤ ይቺ ብድግ ብላ ሳጥኑ ውስጥ ጥልቅ አለች።

አስካለ ማርያም ቀስ ብላ ዞረች።

«እትዬ ተጂቱ» አለች፣ እዚያ ቤት ተሰምቶ በማያውቅ ለስላሳ ድምፅ፣ ጋቢዋን በሁለት እጇ ዘርግታ፣ «ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም እኮ። ምሳዎን አይበሉም?»