የእናቴ አልጋ ጨረታ

በገዛ አልጋዋ ላይ ከእናቴ ጋር የተጫረተው ማን ነበር?

ከኤድንብራ ትምህርቴን ጨርሼ ወደ ወደብ ከተማችን ሆባርት ስመለስ፣ የአባቴ የዓሣ ነባሪ ዘይት ንግድ ከስሮ የቤታችን ዕቃ ለጨረታ ወጥቶ አገኘሁ። እሱ አበዳሪዎቹን ሊለምን ባሕር ተሻግሮ ሜልቦርን ሄዶ ነበር። እናቴ ማስቀረት የፈለገችው እኔን የወለደችበትን አልጋ ብቻ ነው። በወደባችን ልማድ የከሰረ ሰው አልጋ ሲቀርብ ሚስቱ አንድ ሽልንግ ትጠራለች፤ ሌላው ሰው ዝም ይላል። እኔ ግን ዝምታቸውን ማመን አቅቶኝ ከበሩ እስከ መስኮቱ እንቆራጠጥ ነበር።

«አረፍ በል እንጂ አንተ! ኤድንብራ ወንበር የለም እንዴ?» አለኝ አጫራቹ ትሬጊር። ሰው ሳቀ።

አልጋው ቀረበ።

«አንድ ሽልንግ» አለች እናቴ።

«ሁለት» አለ የአባቴ ድምፅ ከኋላችን።

ሁላችንም ዞርን። ባዶ ግድግዳ ነው። እናቴ ግን ሳትዞር፣ «ሦስት» አለች። ያላት ገንዘብ ያው ብቻ ነበር።

«አራት።»

«ተው እንጂ፣ አንተ ሰው» አለች ቀስ ብላ።

ትሬጊር ላቡን ጠረገና በመዶሻው መትቶ አልጋውን ለድምፁ ሸጠ።

ወደ ቴሌግራም ቤት ሮጥኩ። «አባባ፣ አልጋውን ወዴት እንላክልህ?» ብዬ ወደ ሜልቦርን ላክሁ።

በማግስቱ የመለሱልኝ አበዳሪዎቹ ነበሩ፤ አባባ በጨረታው ዋዜማ ሞቷል።