ያልደረቀው ሥዕል

ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ልጅየው እናቱን ደግፎ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካቸው አዳራሽ አስገባት። የፋብሪካውን ሠላሳኛ ዓመት ለማክበር ያሠራውን ሥዕል እሷ ካልወደደችው እንደማይሰቀል ያውቃል። «ሥዕል ክር አይፈትልም!» እያለች ስታሾፍበት ነበር የከረመችው።

ሸራው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ሠዓሊውም አጠገቡ ነበር። ላዩ ላይ እሷና ሟቹ ባሏ ብቻቸውን ያንቀሳቀሷት የመጀመሪያዋ የሽመና ማሽን ነበረች። እናትየው አፏን ይዛ ቀረች። ከዚያ ቀረብ ብላ መዳፏን የማሽኗ ጎን ላይ አሳረፈች። የማሽኖቹ ጩኸት ጆሮዋን ካደነቆረው ወዲህ ማሽን መሥራቱን የምታውቀው እንዲህ በእጇ ነበር።

«እማማ፣ ቀለሙ አልደረቀም!» ብሎ ሠዓሊው ጮኸ። አልሰማችም።

«ኧረ ትሠራለች!» አለች፣ እጇን ሳታነሳ።

ልጅየው ሠዓሊውን እንዳያስተካክለው ከለከለው። ሥዕሉ የመዳፏን አሻራ እንደያዘ ተሰቀለ። እሷ በክረምቱ ዐረፈች።