የጥቅምት ፀሐይ

ዲስኬቱን ለአራተኛ ጊዜ አስገባዋለሁ። ማሽኑ ያቃስታል፣ ቀዩዋ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች፣ ያው የቅድሙ ቃል ስክሪኑ ላይ ይመጣል። ማንበብ አልተቻለም።

«ምን ይላል?» ይላሉ መሪጌታ መርስዔ ኀዘን። ከኋላዬ ቆመዋል። ወንበር ብሰጣቸው የሟች ቃል ተቀምጦ አይሰማም ብለው እምቢ አሉኝ።

«ይቆዩኝ፣ የኔታ።»

ልጃቸው አንዳርጋቸው እዚሁ ወንበር ላይ ነበር የሚሠራው። የጣናን ዓሣ የምናጠና ትንሽ ቢሮ ነን። ኮምፒውተሩ አንድ ነው፤ የሚችለውም እሱና እኔ ብቻ ነበርን። አምና ለብሔራዊ ውትድርና የወሰዱት ቀን፣ ለአባቱ ሲጽፍ አረፈደ። የማተሚያው ቀለም አልቆ ስለነበር በወረቀት አላወጣውም። በዲስኬት ቀድቶ ወደ ዘጌ ላከላቸው፤ ካልተመለስሁ ኑርሑሴን ያንብብልዎት ብሎ፤ እኔን ማለቱ ነው። መርዶው ነሐሴ ላይ መጣ። እሑድ ተዝካሩ ነው። ቃሉን በወረቀት እንዳወጣላቸውና ለለቀስተኛው ሊያነቡት ነው የመጡት።

ማሽኑን የዲስኬቱን ይዘት ዝርዝር እጠይቀዋለሁ። እሱን አይከለክለኝም። አንድ ስም ይወጣል፤ በፈረንጅ ፊደል የተጻፈ አማርኛ። መጠኑም አለ፤ ቢታተም አሥራ አንድ ገጽ ይሆናል። ልክፈተው ስል ያቃስትና ይተወዋል።

«ስሙ አለ፣ የኔታ። ውስጡ አይነበብም።»

«ስሙ ምን ይላል?»

«ለአባቴ።»

 ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ያቺን አንዲት ቃል በቃላቸው እየያዟት ነው።

ዲስኬቱን አውጥቼ ወደ መስኮቱ አዞረዋለሁ። ቀድሜ ማየት ነበረብኝ። ጠርዙ ተንጋዷል፤ መሃሉ ጎበጥ ብሏል።

«የት ነው ያስቀመጡት?»

«ከዳዊቱ ጋር፣ በማኅደር። ክረምቱን እርጥበት ያዘው። የዘጌን ጫካ ታውቀው የለ፣ ብራናውን ሁሉ ያሻግተዋል። ጥቅምት ሲብት መጻሕፍቱን ፀሐይ እናስመታለን። እሱንም ትናንት ከወረቀት ልብሱ አውጥቼ አሰጣሁት። ከማለዳ እስከ ሠርክ አጠገቡ ተቀምጬ እያገላበጥሁ ዋልሁ። ወፍ እንኳ አላስነካሁት።»

ደሜ ይፈላል። ከትናንት በስቲያ ቢመጡ ኖሮ አሥራ አንዱንም ገጽ ሰምተው ይሄዱ ነበር። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስ፤ ማሽኑ ተበላሽቷል ብዬ ብዋሽ ማን ይጠይቀኛል? ግን አልዋሽም። እውነት ወድጄም አይደለም፤ ተናድጄ ነው።

«ይሄ ብራና አይደለም፣ የኔታ። እርጥበቱ ምንም አላደረገውም ነበር። ያጠፋው ፀሐዩ ነው። ትናንት እርስዎ ነዎት ያጠፉት።»

እጃቸውን ገልበጥ አድርገው ያዩታል።

«እንዲድን ብዬ ነበር» ይላሉ ቀስ ብለው።

ወዲያው ይጸጽተኛል። ምላሴን ብቆርጠው ደስ ባለኝ። ያን ጊዜ የአንዳርጋቸው ጠባይ ትዝ ይለኛል። እሱ አንድ ብቻ ቀድቶ አያውቅም። የዓሣ ቆጠራውን እንኳ በሁለት በሁለት ነበር የሚይዘው፤ እግዜር ዓይንን ሁለት ያደረገው ለምን ይመስልሃል እያለ ሲያደርቀኝ ኖሯል።

«የኔታ፣ የላከልዎት ሁለት አልነበረም?»

«ሁለት ነው። አንዱ ያንዱ ግልባጭ ነው ብሎኛል።»

ልቤ መለስ ይላል። ሳላስበው ክንዳቸውን እይዛለሁ።

«እንግዲያውስ ምንም አልጠፋም። ሁለተኛው የት ነው?»

መሪጌታ አያዩኝም። ወደ በሩ፣ ወደ ደጁ ብርሃን ነው የሚያዩት።

«እኛ መጽሐፍ ተራ በተራ ነው የምናሰጣ» ይላሉ። «የሱ ተራ ዛሬ ነው። ጎህ ሲቀድ አሰጥቼው ነው የተነሣሁ። ልጄ የብርጓል እያገላበጠችው ነው።»

ዘጌ ስልክ የለም። ወደዚያ የሚመለሰው ጀልባ የሚነሣው ከቀኑ ዐሥር ሰዓት በኋላ ነው። 

መቋሚያቸውን አንስተው ይወጣሉ። ደጁ ላይ ቀጥ ብለው ይቆሙና፣ የቤተ ክህነት ሰው ሰዓት እንደሚያውቀው፣ ጥላቸውን በእግራቸው ይለካሉ። አንድ ጫማ። ሁለት። ለሦስተኛው እግራቸውን ያነሳሉ፤ ቀትር ነው፣ የሚያሳርፉበት ጥላ የለም።