ለሠራተኛ የወጣ መድኃኒት

የክሊኒኩ ባለቤት የሆነው ዶክተር አንድ አዲስ ሕግ አወጣ፦ ሠራተኛ እንደ ማንኛውም ሰው ካርድ አውጥቶ ካልሆነ እዚህ አይታከምም፤ ደብቆ ያከመ ይሰናበታል። ኮሪደር ላይ «ዶክተር፣ እስቲ ይቺን ወገቤን» እያለ የሚያስቆመው ሁሉ አስመርሮት ኖሯል። ሕመምተኛ ማየቱን ለሌላ ሐኪም ከተወ ዓመት ቢሆነውም እነሱ መች ይተዉታል።

«ይለጠፍ» ብሎ ወረቀቱን ለሲስተር ሰጣት።

ሲስተር ሃያ ዓመት አብራው ሠርታለች። አነበበችና «እሺ ዶክተር» ብላ አጣጥፋ መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ እንደ ወትሮዋ ውሃና ቫይታሚኑን አቀረበችለት። ዋጠው።

መሳቢያ ውስጥ መግባቱ ግን ከነከነው። መድኃኒት ክፍል ወርዶ መዝገቡን አገላበጠ። አንድ ፓኮ እንክብል በየወሩ «ለሠራተኛ» ተብሎ ይወጣል። ስም የለውም። ፊርማው የሲስተር ነው።

ለማን? ጋሼ ዘበኛው ትዝ አሉት። ሰሞኑን ደግነታቸው በዝቷል፤ ከሥራ ሲወጡ «መንገዴ ነው» እያሉ እስከ ቤቱ በር ይሸኙታል። የእሳቸው ቤት ደግሞ በወዲያ በኩል ነው። ሰው በከንቱ እንዲህ አይለሰልስም።

ሲስተርን አስጠራት።

«ደብቀሽ የምታክሚው ሠራተኛ ማን ነው? ጋሼ ናቸው አይደል?»

«እሳቸው ምን በወጣቸው። ዶክተር፣ ይቅርብዎት፤ ይተዉት።»

«ሃያ ዓመት አብረን ሠራን ተብሎ ሕግ አይጣስም። ካልነገርሽኝ ዛሬውኑ ትሰናበቻለሽ።»

እንባዋ መጣ። ሦስት ልጅ የምታሳድገው በዚህችው ደሞዝ እንደሆነ ያውቃል፤ አንጀቱን በላችው። ቢሆንም «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» አለ በልቡ።

«ካርድ አለው» አለች በመጨረሻ። «እንደ ሕጉ የወጣ ነው። ላልናገር ቃል ገብቼ ነው እንጂ።»

የመሳቢያዋን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለትና ወጣች።

ወደ ክፍሏ ሄዶ መሳቢያዋን ከፈተ። ጠዋት የሰጣት ወረቀት ከላይ ተቀምጧል። ከሥሩ ሌላ ወረቀት፦ ያው ሕግ፣ ያው ፊርማ፣ ቀኑ ያለፈው ወር። ከእሱም ሥር ሌላ። «ምን ነካት ይቺ ሴትዮ» እያለ ወደ ጎን አደረጋቸው።

ካርዱ ከሁሉም ሥር ነበር።

የታካሚው ስም የራሱ ነው፤ ከስሙ በታችም በገዛ እጁ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «ሲስተር፣ መርሳት ጀምሬያለሁ። መድኃኒቱን ቫይታሚን ነው እያልሽ ስጪኝ፤ ብቆጣሽም ለእኔው እንዳትነግሪኝ።»