የጋሽ ጌታነህ ቤዝ

ጋሽ ጌታነህ ዑበይድን ሌባ ነው ብለው ከደመደሙ ሦስት ወር ሆኗቸዋል። ለማንም አልተናገሩም፤ በሆዳቸው ይዘውት ነው የከረሙት። በሆድ የያዙት ነገር ደግሞ ውሎ ሲያድር ባለቤቱን መብላቱ አይቀርም።

ነገሩ የጀመረው በጥቅምት ነው። አርባ ዓመት ሙሉ በሐረር ሰርግ ሁሉ የተጫወቱበት ቤዝ ጊታር ይንኮሻኮሽ ጀመር። ጀጎል ውስጥ፣ መኪና ግርግር ከሚባለው መንገድ ልብስ ሰፊዎች ጀርባ፣ ሬዲዮና ቴፕ ለሚጠግነው ለዑበይድ ሰጡት። ዑበይድ ሳምንት አቆይቶ መለሰላቸው። ሒሳቡን ሲጠይቁት፣ "የለም ጋሼ፣ ዱዓ ብቻ ያድርጉልኝ" አለ። ዓይናቸውን ግን ማየት አልቻለም።

ከዚያ ወዲህ የቤዙ ድምፅ የእሳቸው አይደለም።

መንኮሻኮሹስ ጠፍቷል፤ ድምፁ ጥርት፣ ልስልስ ብሏል። ያ ደረት ውስጥ የሚገባው፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ የሚሻክረው የድሮ ድምፅ ግን የለም። አንድ ምክንያት ብቻ ታያቸው፦ ከክሮቹ ሥር ሆኖ ድምፁን የሚለቅመው አሮጌ ማግኔት ተነቅሎ ርካሽ ነገር ተተክቶበታል። የዱሮ ዕቃ ዛሬ ፈላጊው ብዙ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

"አሽረፍ፣ አሁን ይሄ የኔ ድምፅ ነው?" ብለው የባንዱን መሪ ጠየቁት።

"እንዲያውም ከበፊቱ አምሮበታል፣ ጋሼ" አለ አሽረፍ፣ የጊታሩን ገመድ እየሰካላቸው። ከክረምቱ ሕመማቸው ወዲህ ጎንበስ እንዳይሉ ብሎ ገመዱን ሁልጊዜ የሚሰካው እሱ ነው። ደግ ልጅ ነው፤ ትንሽ ኩራት ብቻ ጀምሮታል። ድሮ ዘፈን ሊያልቅ ሲል ግራ እጁን አንሥቶ ምልክት ይሰጣቸው ነበር፤ አሁን በአገጩ ሆኗል።

ያ ሕመም ግራ እጃቸውን ይዞ ሁለት ሳምንት አስተኝቷቸው ነበር። እስከ ዛሬም ሐኪም ጋራ ከሚባለው ኮረብታ ሥር ካለው ቤታቸው በረንዳ ላይ ሲለማመዱ ጣቶቻቸው እንደ ጭራሮ አልታጠፍ ይሏቸዋል። መድረክ ሲወጡ ግን፣ ተመስገን፣ አንድ ኖታ አይስቱም። "እኔን መድረክ ነው የሚያሽለኝ" ይላሉ።

ስለ ቤዝ ካነሡባቸው ደግሞ ማቆሚያ የላቸውም።

"ድሮ ቤዝ ሰው ያህል ነበር" አሉ አንድ ቀን ልምምድ ላይ። "ቆመህ ታቅፈህ ነው የምትጫወተው። ያን ሁሉ ተሸክመኸው ሄደህ፣ መለከቱ ሲነፋ ማንም አይሰማህም። በኋላ አሜሪካ ውስጥ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ፣ ራሱ ጊታር መጫወት የማይችል ሰው፣ አሳጠረው፤ ሆዱን ደፈነው፤ ጣት የሚያርፍበትን በብረት ከፋፍሎ በትከሻ የሚንጠለጠል አደረገው። ኤሌክትሪክ ድምፅ ሰጠው። አየህ፣ ቤዝ በየዘመኑ እያነሰ ነው የመጣው።"

አሽረፍ አዲሱን ኪቦርዱን በጨርቅ ይወለውል ነበር።

ሬዲዮ ጠጋኝ የሠራውን ሬዲዮ ጠጋኝ ሰረቀው፣ አሉ ጋሽ ጌታነህ በሆዳቸው።

ይህን ያህል ያንገበገባቸው የጥር ሰርግ ነው። አንድዬ ልጃቸው ሊድያ ልትዳር ነው። ሕፃን ሳለች እንቅልፍ እንቢ ስትል ጆሮዋን ጊታሩ እንጨት ላይ አስደግፈው ነበር የሚያስተኟት። በሰርግሽ ቀን እኔው ነኝ የምጫወትልሽ ብለው ቃል ገብተውላታል። እንግዲህ በሌባ ድምፅ ሊድሯት ነው?

ሊድያ ራሷ ደግሞ አንድ ቀን፣ "አባዬ፣ የዚያን ቀን እንኳ አትጫወት። ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀመጥልኝ" አለቻቸው። እሷም ሰምታዋለች ማለት ነው። አፍራባቸዋለች። ያን ዕለት እህል አልቀመሱም።

ሰርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ጊታሩን አንግተው ዑበይድ ሱቅ ገቡ።

"ክፈተው።"

"ጋሼ፣ ከሰርጉ በኋላ እከፍትልዎታለሁ።"

"ማግኔቴን የት አደረስከው?"

ዑበይድ የብየዳውን ብረት አስቀመጠ። "ወላሂ፣ ከውስጡ አንዲት ነገር አልወሰድኩም።"

"ታዲያ መክፈቱን ምን አስፈራህ?"

ዑበይድ ወደ በሩ አየ። ልብስ ሰፊዎቹ የስፌት መኪናቸውን አቁመው ያዳምጣሉ።

"ከሰርጉ ማግስት ፖሊስ ይዤ እመጣለሁ። በጀጎል አምስት በር የምታልፍበት ፊት አይኖርህም!"

"እሺ ጋሼ" አለ ዑበይድ። "ሰርጉን ብቻ በሰላም ያሳልፉት።"

እሑድ ጠዋት ሊድያ ከቤት ስትወጣ የእናቷን የገላነሽን ጉልበት ሳመች። ጋሽ ጌታነህ ግን ዕቃ ለመትከል ቀድመው አቦከር ሰፈር ወዳለው አዳራሽ ሄደው ነበርና የእሳቸው ጉልበት ሳይሳም ቀረ።

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም አለ። ባንዱ ጀመረ። ድምፁ ያው ነው፤ ጥርት ያለ፣ ባዕድ። ከበሩ አጠገብ ዑበይድ ቆሟል። ሌባ ደግሞ ሰርግ ይጠራል? መጫወታቸውን ቀጠሉ።

ዘፈኑ መሐል ላይ ሊድያ ቬሏን ሰብስባ ከወንበሯ ተነሣች። ጨፋሪው መንገድ ለቀቀላት። መድረኩ ላይ ወጥታ ከጊታሩ ሥር ተንበረከከችና ጉልበታቸውን ሳመች።

አሽረፍ ዓይኑን ጨፍኖ ኪቦርዱ ላይ አቀርቅሯል፤ ግራ እጁ ከወፍራሞቹ ድምፆች ላይ አልተነሣም።

ጉልበት የሳመች ሙሽራ በአንድ እጅ አትነሣም። ጋሽ ጌታነህ ሁሉን ረሱት፤ ማግኔቱንም፣ ዑበይድንም። ሁለት እጃቸውን ከክሮቹ ላይ አንሥተው የልጃቸውን ፊት ያዙ። "አብርሃምና ሣራ ያድርጋችሁ" አሉ፣ እንባቸው እየወረደ።

ቤዙ አንድ ኖታ ሳይስት መጫወቱን ቀጠለ።