በአየር የቆመች መኪና

ልጇ ለአሮጌዋ የስፖርት መኪናው የብረቱን ሞላ ትቶ በእሱ ፋንታ መኪናዋን የሚሸከም፣ አየር የሚሞላ ባሎን መረጠ። «እማዬ፣ አንዲት ቁልፍ ስትጫኚ ከፍ ዝቅ ትላለች፤ እንደ ንግሥት ትሄጃለሽ!» አላት። እናት ማንበብ የተማረችው ዘንድሮ ነው። እሱ ከመኪናዋ ስር ገብቶ ሲገጥም፣ እሷ የመግጠሚያውን ወረቀት በጣቷ እየተከተለች ታነብለታለች።

«በአየር ብቻ በቆመ መኪና ስር... አይግቡ፣ ይላል። ልጄ፣ ውጣልኝ!»

«ፊደል ከቆጠርሽ ወዲህ እኮ መላወሻ አሳጣሽኝ! አንዲት ብሎን ናት የቀረችኝ» ብሎ ሳቀ።

ሳቁን ሳይጨርስ መኪናዋ ዘጭ አለች። አጥንት ሲሰበር ሰማች። እየጮኸች ሁለት እግሩን ይዛ ጎተተችው። ክንዱ ተጣሞ፣ ደሙ ሲሚንቶው ላይ እየተንዠቀዠቀ ወጣ። ነፍሱ ግን አለች። ክንዱን በሻርፗ ጥፍር አድርጋ አሰረችለት።

«ደግማ ተነስታ ብትወድቅስ?» አለችው መኪናዋን እያየች።

«ባትሪዋን ፈትቻለሁ፣ አየሩም ወጥቶ አልቋል» አላት እያቃሰተ። «ከእንግዲህ በምን ትነሳለች?»

እናት ቀና አለች። የመኪናዋ የሾፌር በኩል ቀስ ብሎ ከፍ አለ፤ ከባድ ሰው ከመቀመጫው ሲወርድ እንደሚያደርገው።

በሩ ግን አልተከፈተም።